አቤት ሲል የሚነሳው ሹፌር

ቂ ቂ ቂ... ቆዪ የውብዳር፣ አንድ ጊዜ ልሳቅና ልንገርሽ። ወይኔ ጎኔን! ገና ሳልጀምረው ሳቄ ቀደመኝ። ዋናው ደግሞ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ እሱን አሁን አልነግርሽም፣ ብትለምኚኝም አልነግርሽም።

መጀመሪያ ጥያቄሽን ልድገመው፣ በትክክል ሰምቼሽ እንደሆነ። የመንገድ ሥራ መኪና መንዳት ከጀመርሽ ሦስት ወርሽ ነው። መኪናሽ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ አለ። አለቃሽ «ስጠራሽ ወዲያው መልሺ» ይልሻል። ትራፊኩ ስልክ በእጅሽ ካየ ይቀጣሻል፣ ሬዲዮውን ሲያይ ግን ዝም ብሎ ያሳልፍሻል። እና አንቺ «እትዬ፣ ሁለቱም ያው ወሬ አይደለም ወይ? አንዱ የሚያስቀጣ፣ አንዱ የማያስቀጣ ለምንድን ነው? ሕጉ ካልከለከለኝስ እየነዳሁ ብመልስ ምን አለበት?» አልሽኝ።

ጥያቄሽ ደስ አለኝ። እኔ መኪና የማውቀው ተሳፍሬ ነው እንጂ ነድቼ አይደለም፤ ግን ነገሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። ስልክስ እሺ፣ እጅ ይይዛል። ወሬ ብቻውን ሲሆን ምኑን ነው የሚይዘው? እያልኩ። በኋላ ይሄ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ስሚ እንግዲህ።

አንድ ሹፌር ነበረ። ጨዋ ነበረ። ጨዋ ስልሽ እንዲያው ደህና ሰው ማለቴ አይደለም፤ ጨዋነት የበዛበት ነው። እናቱ «ታላቅህ ሲጠራህ ተቀምጠህ አቤት ካልክ አፍህ ይጣመም» እያለች ነው ያሳደገችው። ሽማግሌ ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ ኖር ብሎ የሚነሳ እሱ ነው። ድግስ ቤት ሄዶ ሲነሳ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ ሲቀመጥ፣ ሳይበላ የሚወጣ ሰው ነበረ።

ይህ ሰው ለአንድ ባለጸጋ ይነዳ ነበር። ባለጸጋው ሦስት የጭነት መኪናዎች አሉት፤ ከደጋው ከተማ እህል ጭነው ወደ ቆላ ይወርዳሉ፣ ከቆላ በርበሬ ጭነው ይወጣሉ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስጉ ሰው ነበረ። መኪናዎቹ ከዓይኑ ሲርቁ ምግብ አይወርድለትም። ስለዚህ በየመኪናው የመገናኛ ሬዲዮ አስገጠመ፤ አንዱን ደግሞ ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ሹፌሮቹን ሰብስቦ «ስጠራችሁ ቶሎ መልሱ። ሦስት ጊዜ ጠርቼው ያልመለሰ ቁልፉን አስረክቦ ይሂድ» አላቸው።

ያ ሹፌር ሦስት ልጆች አሉት። ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ይቺን ቃል እንደ ጸሎት ያዛት።

በማግስቱ መንገድ ላይ እንዳለ ሬዲዮው «ሦስት ቁጥር! ሦስት ቁጥር! ይሰማል?» አለ። የጌታው ድምፅ ነው፤ የሱ መኪና ሦስት ቁጥር ናት። ሹፌሩ ምን ያድርግ? «አቤት ጌታዬ!» ብሎ ብድግ! መሪውን እንደያዘ! አናቱ ከጣሪያው ጋር ተላተመ። ሰው ብድግ ሲል ደግሞ በእግሩ ተደግፎ ነው፤ የሱ እግር ያለው ነዳጁ ላይ ነው። መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች።

በተጠራ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ባለጸጋው በቀን አሥር ጊዜ ይጠራል፣ መኪናዋ በቀን አሥር ጊዜ ትዘላለች። የመንገዱ ዳር ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ነገሩን ሊመረምር ተነሳ። አንዱ ዛር አለባት አለ። አንዱ ጠበል ይረጭባት አለ። አንድ መካኒክ የነዳጅ ፓምፑን ፈታ፣ ሌላው መካኒክ የመጀመሪያውን መካኒክ እየሰደበ መልሶ ገጠመው። ምንም የለባትም። ሹፌሩም ራሱ ምኑም አልገባውም፤ ሰው የራሱን ጨዋነት መች ልብ ይለዋል?

በመጨረሻ ባለጸጋው በሬዲዮ «ስማ እንጂ፣ ለምንድን ነው መኪናዬ የምትዘለው?» ብሎ ጠየቀው።

«አቤት ጌታዬ!» አለና፣ ይኸው፣ ዘለለች።

አሁንስ አንድ ትራፊክ አየው። ፊሽካውን ነፍቶ አስቆመው።

«ስልክ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«ጠጥተሃል?»

«ኧረ በስመአብ!»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የዘለልከው?»

«ጌታዬ ጠርተውኝ፣ ልነሳላቸው ብዬ ነው።»

ትራፊኩ አየው፣ ሬዲዮውን አየው፣ ጣሪያው ላይ አናቱ የሠራውን ጉድጓድ አየው። ገባው። ግን በምን ይክሰሰው? «ስልክ በእጅ መያዝ የሚል አውቃለሁ» አለ ራሱን እያከከ። «ከመቀመጫ በአክብሮት መነሳት የሚል ግን አላነበብኩም። ቀበቶህስ?» ቀበቶው አልታሰረም። «በዚህ ልቀጣህ ይገባ ነበር። ለጨዋነትህ ስል ትቼሃለሁ፤ ሁለተኛ ሳታስር እንዳላይህ።»

ሹፌሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበቶውን አጥብቆ አሰረ። ጌታው ሲጠራው ሊነሳ ይላል፣ ቀበቶው ቁጭ ያደርገዋል። መኪናዋ መዝለሏን ተወች። ትራፊኩ ደስ አለው፣ ባለጸጋው ደስ አለው፣ ሁለቱም መካኒኮች እኔ ነኝ የሠራኋት አሉ። አንቺም ብትሆኚ እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ትያለሽ። እጁ መሪ ላይ ነው፣ ወገቡ ታስሯል፣ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፣ ለመመለስ ደግሞ አንዲት የሬዲዮ ቁልፍ በጣቱ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። ምን ቀረ?

አንድ ቀን ኃምሳ ኩንታል እህል ጭኖ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት ጋቢና አሳፈረ። ገበያ ውላ ያልተሸጠላትን ማድጋ አቅፋ ተቀመጠች። ገና ሜዳው ላይ እንዳሉ ሬዲዮው «ሦስት ቁጥር! የት ደረስክ?» አለ።

«አቤት ጌታዬ! ሜዳው ላይ ነኝ ጌታዬ፣ መንገዱ ሰላም ነው ጌታዬ፣ እርስዎስ ደህና ዋሉ ጌታዬ?»

«ከብት! ከብት! ኧረ ከብት!» ብላ አሮጊቷ ጮኸች።

ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ እየተንቋቋች ቆመች። የመጨረሻዋ ላም የፊት መብራቱን በጅራቷ ጠርጋው አለፈች።

አሮጊቷ ማድጋዋን እየዳሰሰች «አላየሃቸውም እንዴ ልጄ?» አለችው።

«ዓይኔ እኮ መንገዱ ላይ ነበር እማማ።»

«እሱንማ እኔም አየሁ፤ ፍጥጥ ብሎ ነበር። ምን እያየ ነበር ነው የምልህ።»

ሹፌሩ አሰበ። ከዚያ «ጌታዬን» አለ። «ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው አየኋቸው። ከብት ግን አላየሁም።»

አሮጊቷ ቀበቶውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «ይሄ የያዘው ወገብህን ነው» አለችው። «አንተማ ተነስተህ ሄደህ ነበር።»

ሹፌሩ ማርሽ አስገብቶ መንዳቱን ቀጠለ፤ ነገሩ ግን ውስጡ ገባ።

ከሜዳው ቀጥሎ ቁልቁለቱ ይመጣል። ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በአንድ በኩል ሰማይ። ኃምሳ ኩንታል ከኋላ ይገፋል። ግማሹን እንደወረዱ፣ ልክ ኩርባው ላይ፣ «ሦስት ቁጥር! ሦስት ቁጥር!» አለ ሬዲዮው።

እጁ ወደ ቁልፏ ሄደ። አፉ ተከፈተ። እናቱ ያስተማረችው አቤት ጉሮሮው ላይ ደርሳለች። ዋጣት። እጁን ወደ መሪው መለሰው።

«ሦስት ቁጥር! አትሰማም?»

ይህ ሁለተኛው ነው። ላቡ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ወረደ። አሮጊቷ ታየዋለች፤ እሷም የሦስተኛውን ጥሪ ነገር ከገበያ ሰምታለች። «ልጄ...» ብላ ልትጀምር ስትል፣ ያ ከተወለደ ለታላቅ ክፉ ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «እማማ፣ እርስዎንም ቢሆን ታች ስንደርስ ነው የምሰማዎት» አላት።

ገበያውን በምላሷ የምታምስ ሴት ናት እኮ! ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

«ሦስት ቁጥር! ሦስት ቁጥር!»

ሦስተኛው። ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ። ኩርባውን ዞረ። ሌላውን ዞረ። ሬዲዮው ዝም አለ፤ ዝምታው ከጥሪው ይልቅ አስፈራው። ሦስቱ ልጆቹ ፊቱ ላይ ሊመጡበት አሉ፣ እነሱንም «ቆዩ» አላቸው። ድንጋዩን ብቻ አየ፣ ጠርዙን ብቻ አየ፣ መንገዱን ብቻ አየ።

ወንዙ ዳር ሲደርስ መኪናዋን ከመንገድ አወጣ። የእጅ ፍሬን ሳበ። ቀበቶውን ፈታ። ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ አደረገ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ፣ በሩ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ የሚናገርባትን ዕቃ በገመዷ ስቦ እጅ ነሳና «አቤት ጌታዬ» አለ።

«የት ነበርክ?» አለ ባለጸጋው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ሦስት ጊዜ ጠራሁህ!»

«ቁልቁለቱ ላይ ነበርኩ ጌታዬ።»

«እኮ! ቁልቁለቱን በደህና ወረድክ ወይ ልልህ እኮ ነው የጠራሁህ! ለምን አልመለስክልኝም?»

ሰማሽ የውብዳር? ሌላ ምንም አልፈለገም። ደህና ነህ ወይ ለማለት ነው! እኔ ይቺ ላይ ስደርስ ነው መጀመሪያ ሳቄ የሚመጣው፣ ከዚያ ሳቄን ትቼ ዝም እላለሁ።

እንግዲህ ያ ሹፌር አንቺ ነሽ። ትራፊኩ የሚያየው እጅሽን ነው፣ ስልክ ከያዘ ይቀጣዋል። ሕግ ምን ያድርግ የኔ ልጅ፣ ልብሽ ከመቀመጫው ሲነሳ አይቶ ፊሽካ አይነፋበት። የወገብ ቀበቶ ተሠርቷል፣ የልብ ግን ገና ነው። ወሬ ምኑን ነው የሚይዘው ብዬሽ አልነበር? ይኸው፣ አንቺኑ ነው የሚይዘው፤ ከመሪው አንስቶ ተናጋሪው ፊት ያቆምሻል። ሬዲዮውን አውጥተሽ ጣይ አላልኩሽም፣ ለክፉ ቀን ይሁንሽ። ሲጠራሽ ግን ዳር ያዢ፣ አቁሚ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ያህል አቤት በይ። አለቃሽ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። ቁጣው ዳር ይዘሽ እስክትቆሚ ይጠብቅሻል፤ ከብት ግን አይጠብቅሽም።

ቁልፉን አስረከበ ወይ ትያለሽ ደግሞ፣ አውቅሻለሁ። አላስረከበም። ባለጸጋው እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ሹፌሮቹን ሲጠራ «ስትቆም መልስልኝ» ይልና ሬዲዮውን ትቶ ሻዩን ይጠጣል። ያን ስጉ ሰው እንዲህ ያደረገው ሹፌሩ ወንዙ ዳር ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የመለሰለት ቃል ነው። እንዲህ ነው ያለው፦

«ደህና ወርጃለሁ ጌታዬ። ደህና የወረድኩትም ስላልመለስኩልዎት ነው።»