የጥጊቱ ክር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ ድሮ፣ የአያቴ አያት የወተት ጥርሷን ሳትነቅል፣ ጥድ አፋፍ በምትባል መንደር ጥጊቱ የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ርስት የላትም፤ ከብት የላትም። እንዝርት ነበራት፤ ባልም ነበራት፤ ደርሶ ይሉታል።

ደርሶ መቃብር ቆፋሪ ነበር። ሰው ሲሞት የወይራ ዘንጉን ይዞ ይሄዳል፤ ሬሳውን ይለካል፤ በልኩ ይቆፍራል። ሥራው ሐዘን ነው፤ እሱ ግን ሳቂታ ነበር። ጥሬ ሥጋ ካየ አይምርም፤ ዘፈን ከጀመረ አያቆምም። ጥጊቱ ትወደው ነበር። እንዲያው ስታየው ደስ ይላታል።

ግን ፍርሃት ነበረባት። የመጀመሪያ ባሏ ዓይኗ እያየ ነው ያለቀው። በየቀኑ ስለምታየው መክሳቱን አላየችም። ያወቀችው ሞቶ ገላውን ሊያጥቡት ልብሱን ሲያወልቁለት ነው። "ይኼኛው ግን ሳላየው አያመልጠኝም" ብላ ማለች።

ስለዚህ በመስቀል ዕለት፣ ሰው ሁሉ ጠግቦ ሲስቅ፣ በክር የደርሶን ወገብ ለካች። ልክ ሲገጥም ቆረጠችው። ክሩን በዘንጉ ላይ ዘርግታ ጫፉ የደረሰበትን በቢላ ጫረችና ክሩን ግድግዳው ኩላብ ላይ ሰቀለችው።

መንደሩ ደነገጠ። በጥድ አፋፍ የሚለካ የሞተ ሰው ብቻ ነው፤ የቆመ ሰው መለካት ሟርት ነው። ጎረቤቶቿ ከቤቷ እሳት መጫር ተዉ። "እሷ ትለካለታለች፣ እሱ ይቀብራል" እያሉ ያሟት ጀመር። ጥጊቱ ምን አደረገች? በገበያ ቀን ከሰው መሀል ቆማ የራሷን ወገብ ለካች። "ይኸው ተለክቻለሁ። መሞቴን ያየ ይንገረኝ፤ እስከዚያው ጥጤን ልፍተል" አለች። ሳቁ። እሳት መጫሩም ቀጠለ።

ክረምት ገባ። ጥጊቱ ክሩን አወረደችና በደርሶ ወገብ አዞረችው። ክሩ ላላ።

"አያ ደርሶ፣ ከስተሃል" አለችው።

"ክርሽ ነው የረዘመ" አለና ሳቀ።

ደርሶ ከወንዝ ሲመለስ አቀበቱን በአንድ ዘፈን ነበር የሚወጣው። ከወንዙ ይጀምራል፤ ከአቀበቱ አናት ያለው ዋርካ ሥር ይጨርሳል። ጥጊቱ ደጃፍ ተቀምጣ እየፈተለች ታዳምጣለች። አንድ ቀን ዘፈኑ ከአቀበቱ መሀል ተቋረጠ። በሌላው ቀን ከዚያም ዝቅ ብሎ ቀረ።

"አያ ደርሶ፣ ትንፋሽህ አጥሯል" አለችው።

"አቀበቱ ነው የረዘመ" አለና ሳቀ። ሳቁ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም።

ማታ ማታ ቆሎ በእፍኟ ትሰጠው ነበር። ድሮ አንድ እፍኝ ይበቃዋል። አሁን የእሱን ይበላል፤ የእሷንም ይበላል፤ ደግሞ እጁን ይዘረጋል።

"አያ ደርሶ፣ የምትበላው የት ነው የሚገባው?" አለችው።

"እፍኝሽ ነው ያነሰ" አለ። በዚህኛው አልሳቀም።

ያን ዕለት ጥጊቱ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ተናደደች። ዘንጉን ከጥግ አነሣች፤ ክሩን ዘረጋችበት። ጫፉ ከጫረችው ቦታ ላይ ልክ አረፈ።

"ክሬ ረዝሞ ከሆነ ዘንግህም ረዝሟል። ይኼ ዘንግ ዋሽቶህ ያውቃል?" አለችው።

ደርሶ ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰው። በዚያ ዘንግ ስንቱን ለክቷል፤ አንድም ቀን ጉድጓድ ጠብቦበት አያውቅም። በሚስቱ መቀለድ ይችላል፤ በዘንጉ ግን አይችልም።

"ጥጊቱ፣ ኮሶውን አልጠጣሁትም" አለ ቀስ ብሎ።

ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሆዱ ውስጥ ትል ያድርበታልና ኮሶ መጠጣት አለበት። ኮሶ ደግሞ መራራ ነው። ጥጊቱ በጥብጣ በሰጠችው ቁጥር፣ ይኼ መቃብር የማይፈራ ሰውዬ ወደ ጓሮ እየወጣ ዱባው ሥር ይደፋው ነበር።

"እኔ ደግሞ ዱባው ዘንድሮ ምን ነክቶት ጠወለገ እላለሁ" አለች ጥጊቱ።

በማግስቱ በባዶ ሆዱ አጠጣችው። ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ያዙት። ጠጣ፤ ተንገፈገፈ፤ ጠጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትሉ ከነራሱ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ጊዜ ሄደ፤ መስቀልም መጣ፤ ሌላም መስቀል መጣ። ከወንዙ የተነሣው ዘፈን ዋርካውን አልፎ ደጃፏ ድረስ ዘለቀ። ጥጊቱ ክሩን አወረደች። ብትስበው ብትስበው ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። "ጠበበህ" አለችና ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች።

"ክርሽ ነው ያጠረ" አለ ደርሶ።

ጥርሱ አልቆ ቆሎ መቆርጠም እስኪያቅተው ድረስ ከእሷ ጋር ኖረ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር በመስቀል ሰው ሁሉ ወገቡን በክር ይለካል፤ ክረምት ሲገባ መልሶ ይሞክረዋል። ሽማግሌ ሲመርቅም "ክርህ ይጥበብህ" ይላል። እንግዳ ሰው እርግማን ይመስለዋል።

በሉ፣ የጥጊቱ ነገር ይኼው ነው። አንተ ግን፣ በሩ ጋ የተቀመጥከው ቢተው፣ አትሂድ። ስትገባ አይቼሃለሁ፤ ቀበቶህን ለማጥበቅ አዲስ ቀዳዳ አስበስተሃል። ና ወዲህ፣ ክርህን አምጣ።