እሳት የምትሸከመው ገል

ተረቴን ልጀምር፣ ጆሯችሁን አቅርቡልኝ።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በይርገዱ ቤት መደርደሪያ ላይ አንዲት የሸክላ ስባሪ፣ አንዲት ገል ነበረች። ለዓመታት የምታብሰለስለው ጥያቄም ነበራት፦ «እሳት ልጭር የሚል ሰው ወዴት ጠፋ?»

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ይርገዱ ላይ ሰፈር፣ ሽብሬ ከወንዙ ማዶ ታች ሰፈር ነበሩ። የአንዷ ምድጃ ሲጠፋ ወንዙን ተሻግራ ከሌላዋ ቤት በገል ፍም ትጭር ነበር።

በዚያ አገር ጽልመት የሚባል የጨለማ አምላክ ይኖር ነበር። ምግቡ ጦርነት ነው፤ ሰው ካልተዋጋ ይርበዋል። አንድ ቀን ነፋስ ሆኖ ላይ ሰፈር ወጣና፣ «ታች ሰፈሮች ሌባ ይሏችኋል» አለ። ይርገዱ እሳት ልትጭር ሄዳ ጠየቀች።

«ሌባስ ዶሮሽ ናት» አለች ሽብሬ፤ «ጓሮዬን ስትለቅም ነው የምትውለው።»

ተሳሳቁ። ጽልመት ጦሙን አደረ።

ደግሞ ታች ሰፈር ወረደና፣ «ላይ ሰፈሮች ወንዙን ሊገድቡባችሁ ነው» አለ። ሽብሬ እሳት ልትጭር ወጥታ ጠየቀች።

«ባሌ?» አለች ይርገዱ፤ «የወደቀ አጥሩን ያላነሳ ሰው ወንዝ ይገድባል?»

ተሳሳቁ። ጽልመት አሁንም ጦሙን አደረ።

በሦስተኛው ግን ወሬ ሳይሆን ስጦታ ይዞ መጣ። ውሃ ካልነካው በቀር እሳቱ የማይጠፋ ግንድ ለየቤቱ አደለ። ሰዎቹም መረቁት። እሱ አድፍጦ ጠበቀ። ልጆች ተወለዱ፣ ማዶ ለማዶ ሳይተዋወቁ ጎረመሱ። ያኔ ያችኑ የወንዝ ወሬ መልሶ አመጣት። አሁን ሄዶ የሚጠይቅ የለም። ጦር ተሳለ፤ የይርገዱም ልጅ ጋሻውን አወረደ።

ገሏ ይህን ስታይ ጥያቄዋ ተፈታላት፦ ሰውን ከሰው የለየው ያ የማይጠፋ ግንድ ነው።

«ድመቴ፣ እንስራዋን ግንዱ ላይ ገልብጫት» አለች፣ ከመደርደሪያው ስር፣ ምድጃው ዳር ካለችው የውሃ እንስራ አጠገብ የተኛችውን ድመት።

«እኔና ውሃ አንስማማም።»

«እንስራ፣ አንቺስ?»

«ልሰበር?»

«ብትሰበሪ እንደኔ ገል ትሆኛለሽ። ይኸው፣ አልሞትኩም።»

ገሏም ከመደርደሪያው ተወርውራ እንስራዋ ላይ ወደቀች። እንስራዋ ተሰበረች፣ ውሃው ፈሰሰ፣ ግንዱ ጠፋ። ይርገዱ ድመቷን እየረገመች ገሏን አነሳችና፣ ጎረምሶቹን ቀድማ ወንዙን ተሻገረች።

«ምን እግር ጣለሽ?» አለች ሽብሬ።

«እሳት ልጭር።»

«እውነት ወንዙን ልትገድቡብን ነው?»

«ማን? ልጄ? የአባቱ አጥር እኮ እስካሁን እንደወደቀ ነው። እናንተስ ነገ ልትወጉን ነው አሉ?»

«በየትኛው ጉልበት! ልጄን ከመኝታው የሚያነሳው እኮ የለም።»

እናቱን ተከትሎ የደረሰው የይርገዱ ልጅና የሽብሬ ልጅ ጦራቸውን እንደያዙ በኀፍረት ተያዩ። የሽብሬ ልጅ ቀድሞ ሳቀ። ጽልመትም የተራበ ሆዱን ይዞ ከአገሩ ወጣ።

ጎረቤቱን ምንም የማይለምን ሰው፣ ስለ ጎረቤቱ የነገሩትን ሁሉ ያምናል።

ገሏ ጠርዟ ተሸርፎ ወደ መደርደሪያዋ ተመለሰች። አዲሲቱ እንስራ ከታች ተቀምጣ በስጋት ታያታለች። ገሏ ግን ወስናለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትቀመጠው መደርደሪያው ጫፍ ላይ ነው።

ተረቴ እዚህ አረፈች፤ ፍሙን ይዛችሁ ግቡ።