የረጠበው ታንኳ

አንድ ሰው ነበረ። ሐይቅ ዳር ይኖራል፤ ሥራው ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ በልጥ እያሰረ ታንኳ መሥራት ነው።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ልጄ። «እውነት የሆነውን ነገር ካወቅሁ ሎጂክ ደግሞ ምን ይጨምርልኛል? ማሰብ እንደሆነ ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁት ነው» ብለሽኛል። ያውም እኔን መምህርሽን፣ በክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት። አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ። አሁን ቁጭ በይና ስሚኝ።

ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከሐይቅ የተመለሰ ታንኳ ወዲያው ተነሥቶ ካልቆመ፣ ፀሐይም ካላገኘው፣ ከብዶ ከብዶ ይበሰብሳል። ስለዚህ በዚያ አገር ሰው ከውሃ ሲመለስ ከራሱ እራት በፊት ታንኳውን ያቆማል። ዳርቻው ላይ ከግንድ የተሠራ ረጅም መደገፊያ አለ፤ የሰፈሩ ታንኳ ሁሉ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ እሱን ተደግፎ ያድራል። ጠዋት ጉም ሲወርድ ከሩቅ ያያቸው እንግዳ፣ ረጃጅም ሰዎች ዝም ብለው ተሰልፈው የሚጸልዩ ይመስለዋል።

ታንኳ ሠሪው በእነዚህ መካከል ሲሄድ የሚያየው በዐይኑ አልነበረም። መዳፉን ጎናቸው ላይ ያሳርፍና፣ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ፣ «ይህ ትናንት ከሰዓት ወጥቷል፤ ይህ ሦስት ቀን ደርቋል» ይላል። ስቶ አያውቅም። ሰዉ «የሱ መዳፍ አይዋሽም» ይል ነበር፤ እሱም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ማን ደስ አይለው?

ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ገና ያልለቀቀበት ሰሞን ነው። ሰፈሩ በጋራ የሚጥለው ትልቅ መረብ ነበረ፤ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሣል። አንድ ማለዳ ሁለት ሰዎች ሊያነሡት ሲሄዱ ተቆርጦ አገኙት። ዓሣው የለም፤ የመረቡም ግማሽ የለም። ያ መረብ የአሥራ ሁለት ቤት ጉሮሮ ነው። ሲመለሱ ድምፃቸው ከጉሙ ውስጥ ቀድሟቸው መጣ፤ ምን እንደሆነ ሳይሰማ እንኳ ሰዉ ክፉ ወሬ መሆኑን አወቀ።

ያኔውኑ አውጫጭኝ ተጠራ። የዛሬ ልጆች ስለማታውቁት ልንገርሽ። ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ላም ሳትታለብ ትዋል፣ እህል ወፍ ይብላው፣ አይሄድም። እንዲህ ያለ ጉባኤ ምን እንደሚወድ ታውቂያለሽ? «አገኘነው» የሚል ሰው ይወዳል።

ዳኛው ሽማግሌ ታንኳ ሠሪውን ላኩት። «ሂድና ዳስሳቸው። ሌሊቱን የወጣ ታንኳ ካለ መዳፍህ ይነግረናል።»

ሄደ። መደገፊያው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ዳሰሰ። የሁለቱን ሰዎች ታንኳ ትቶ፣ ሌላው ሁሉ ላዩን ወዛ ከማለቱ በቀር ደረቅ ነው። አንድ ብቻ ለብቻው ከዋንዛው ዛፍ ሥር ቆሟል። መዳፉን ሲያሳርፍበት ውሃው በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ። ዐይኑን ገለጠ። ይህን ታንኳ የሠራው ራሱ ነው፤ ለአንሙት፣ ለልጁ ባል፣ በሠርጋቸው ሰሞን።

ጉሙ ውስጥ ብቻውን ትንሽ ቆመ። መደበቅ ይችል ነበር፤ አልደበቀም። ተመልሶ ጉባኤው መካከል ቆሞ እንዲህ አለ፦ «ሐይቅ ላይ የሄደ ታንኳ ይረጥባል። የአንሙት ታንኳ ረጥቧል። እንግዲህ የአንሙት ታንኳ ሌሊቱን ሐይቅ ላይ ነበረ።»

ሰዉ አጉረመረመ። «ለልጁ ባል እንኳ አያዳላም!» አሉ። ሴቶቹ እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁለት። አንሙት ተነሥቶ፣ «አልወጣሁም። ቤቴ ተኝቼ ነው ያደርኩት» አለ፤ ታንኳው በምን እንደረጠበ ግን እሱም አላወቀም። ሰውየው የመሰከረው ራሱን የሚጎዳውን ስለሆነ ነገሩን መልሶ የመረመረው አልተገኘም። አለማዳላት ትልቅ ነገር ነው፣ ልጄ። ግን ሰው ሳያዳላም ይሳሳታል።

አንሙት ላይ ተፈረደ፤ ሰዉም ወደ ቤቱ ሄደ። የዳርቻው ሕግ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከጋራ መረብ የሰረቀ ሰው ታንኳው ይፈታል፤ የሚፈታውም የሠራው ሰው ነው። ፀሐይ ስትወጣ፣ ሁሉም እያየ፣ ልጡን በማጭድ ይበጥሰውና ደንገሉን ውሃው ላይ ይበትነዋል። ባለቤቱ ሰባት ዓመት ሐይቁን አይነካም። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ የማይነካ ሰው ምን ይበላል? አንሙት ሚስቱን ይዞ ቆላ መውረዱ ነው፤ ሚስቱ ይታይሽ ደግሞ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

ማታ ይታይሽ አባቷ ዘንድ መጣች። አላለቀሰችም። ደጃፉ ላይ ቆማ፣

«አባቴ፣ ባሌ አልወጣም። አጠገቤ ተኝቶ ነበር» አለች።

«አንቺስ ተኝተሽ አልነበር?»

«ተኝቼ ነበር።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«እርስዎስ አላዩም። በምን አወቁ?»

«በታንኳው።»

ሄደች። አየሽው? የልጁ የይታይሽ ነገር የት ላይ እንደላላ አባትየው በአንድ ጥያቄ ነው ያገኘው። የሰው ማሰሪያ ሲላላ ሁላችንም ይታየናል።

ዶሮ ሲጮህ ማጭዱን ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወረደ። እንቅልፍ በዐይኑ አልዞረም። የአንሙት ታንኳ እዚያው ዋንዛው ሥር ቆሟል። ጉሙ ሐይቁንም ዳርቻውንም አንድ አድርጎታል፤ ውሃው የት እንደሚጀምር አይለይም። ሰዉ እስኪመጣ ብሎ ከታንኳው አጠገብ ተቀመጠና ጀርባውን ለግንዱ ሰጠ። ከሐይቁ በኩል የማይታይ ወፍ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ከዚያ የእግሩ ጣቶች ከዐይኑ ጠፉ፣ ከዚያ ማጭዱ ጠፋ፣ ከዚያ እሱ ራሱ እንቅልፍ ወሰደው።

ሕልም አየ። ጉባኤው የተቀመጠው ውሃው ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ እያንዳንዳቸው ታንኳ ላይ ናቸው፣ ታንኳዎቹ ግን አይንቀሳቀሱም፤ ልብሳቸው ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው። እሱ መካከላቸው ቆሟል፤ እግሩ ውሃውን ይነካ አይንካ አይታወቀውም። ዳኛው ሽማግሌ በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ሆነው ይጠይቁታል።

«ሐይቅ ላይ የሄደ ይረጥባል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አንተ ረጥበሃል። እውነት ነው?»

ራሱን ዳሰሰ። «እውነት ነው።»

«እንግዲህ...» አሉ። የቀረውን የሚጨርስ ሌላ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ፤ ሲያዳምጠው የራሱ ድምፅ ነው። «እንግዲህ መረቡን የቆረጥኩ እኔ ነኝ» ይላል፣ ደጋግሞ፣ እየራቀ። እኔ አይደለሁም ሊል አፉን ከፈተ። የተባለው ሁሉ ግን እውነት ነዋ።

ነቃ።

ጎሕ ቀዷል። ትከሻው ከብዶታል። ጋቢውን ሲነካው ውሃ አርግዟል፤ ጠርዙ ይንጠባጠባል። ቀና ብሎ አየ። የዋንዛው ቅጠል ሰፋፊ ነው፤ ጉሙ ቅጠሉ ላይ ይከማቻል፣ ይከብዳል፣ ጠብ ይላል። ጠብ፣ ጠብ፣ በሱ ላይ፣ በታንኳውም ላይ። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ትናንት ግን አልጠየቀውም። ማጭዱን ከሣሩ ላይ አነሣና ብዙ ጊዜ እጁ ውስጥ ይዞት ተቀመጠ።

ሰዉ መጣ። ይታይሽም መጣች፣ አንሙትም በሁለት ሰዎች መካከል። ፀሐይዋ ጉሙን ከጀርባው አቀላችው።

ታንኳ ሠሪው ማጭዱን መሬት ላይ አኖረ። «ቃሌን መልሱልኝ» አለ።

ታዲያ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ሆዱ ባባ! ልጁ አልቅሳበት ነው» አሉት። ትናንት አያዳላም ያሉት አፎች ናቸው።

«ሆዴስ ባብቷል» አለ። «እሱን ተዉት። ነገሬን ብቻ ስሙኝ።» ጋቢውን አውልቆ ለዳኛው ሽማግሌ ሰጣቸው። «ይጭመቁት።»

ጨመቁት። ውሃው እግራቸው ሥር ፈሰሰ።

«ሐይቅ ላይ የሄደ ይረጥባል። ይህ ጋቢ ረጥቧል። እንግዲህ ይህ ጋቢ ሐይቅ ላይ ነበረ፤ መረቡንም የቆረጥኩ እኔ ነኝ። ትናንት በዚሁ ነገር አንሙት ላይ ፈርዳችኋል። በኔም ፍረዱ።»

«አንተማ ከዛፉ ሥር ተቀምጠህ ነው የረጠብከው» አሉ ሽማግሌው።

«ታንኳውስ የት ነው የቆመው?»

ሁሉም ቀና አለ። ጠብታው ከቅጠሉ ሲወርድ ተሰማ።

አንዲት ባልቴት ከኋላ፣ «የኔ ጥፋት ነው» አለች። «መደገፊያው ላይ ቦታ አጥቼ ታንኳዬ ሊበሰብስ ሲል፣ አንሙት የራሱን ፀሐይ ለኔ ለቀቀልኝ። ከዛፉ ሥር ያቆመው ለዚህ ነው።» ትናንት ለምን አልተናገረችም አትበዪኝ። ማንም አልጠየቃትም።

መረቡ ላይ ድርሻ ያለው አንድ ሰው ተናደደ። «ታዲያ አንሙት አልወጣም ነው የምትለን?»

«አላውቅም» አለ ታንኳ ሠሪው። «ትናንት አውቃለሁ አልኩ። ዛሬ አላውቅም እላለሁ። ወጥቶም ሊሆን ይችላል፤ መዳፌ ግን አልነገረኝም። የነገረኝ ታንኳው መርጠቡን ብቻ ነው። የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ዳኛው ሽማግሌ ጋቢውን አጥፈው መለሱለት፤ ማጭዱንም ከመሬት አንሥተው ለራሳቸው ያዙት። አንሙት ተለቀቀ። አውጫጭኙ እንደገና ተጠርቶ ሁለት ቀን ቀጠለ፣ ሰዉ ተራበ፣ ተጨቃጨቀ፣ ምንም ሳያገኝ ተበተነ። ታንኳ ሠሪውን ከዚያ ወዲያ «መዳፉ አይዋሽም» ያለው ሰው የለም። አንሙትም እስከ ጥምቀት አላናገረውም። ይታይሽ ግን እዚያው ሐይቁ ዳር፣ እናቷ ቤት ወለደች፤ ልጁን አያቱ አቀፈው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

ያ ሰው ዋሽቷል? አልዋሸም። ሐይቅ ላይ የሄደ ይረጥባል፣ እውነት ነው። ታንኳው ረጥቧል፣ ይህም እውነት ነው። እውነቱን ካንቺም ከኔም በተሻለ ያውቀዋል፤ አላዳላም፤ አልፈራም። ይህን ሁሉ ይዞ የልጅ ልጁን ገና ሳይወለድ ካገሩ ሊያሰድደው አንድ ማጭድ ቀርቶት ነበር። ለምን? ሐይቅ ላይ የሄደ ሁሉ ይረጥባል ማለትና የረጠበ ሁሉ ሐይቅ ላይ ሄዷል ማለት አንድ መስሎት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ልጄ፣ እውነት ደንገል ነው። ስትሰበስቢው ደስ ይላል፣ አንቺም ብዙ ሰብስበሻል፣ አልክድሽም። ሐይቁን የሚያሻግርሽ ግን አንዱን ካንዱ የያዘው ማሰሪያ ነው። ደንገሉ አንድም ሳይበሰብስ፣ ማሰሪያው ከላላ መሐል ላይ ትሰምጫለሽ። እኔ ደንገል አልሸጥልሽም። እዚህ ክፍል ውስጥ የምናደርገው ማሰሪያ መጎተት ነው፤ ይህ ከዚያ በእርግጥ ይከተላል ወይስ አይከተልም ብሎ መፈተን። መፈተኛውንም ሰውየው አሳይቶሻል፦ ያንኑ አካሄድ፣ ሐሰት መሆኑን በምታውቂው ነገር ላይ አምጥተሽ ሞክሪው። እዚያም እሺ ካለሽ፣ ማሰሪያው ልል ነው።

ሌባው ማን ነበር ልትዪኝ ነው፤ ከንፈርሽ ተንቀሳቅሷል። አላውቅም። ከማዶ ዳርቻ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ አንሙትም ራሱ ሊሆን ይችላል። ይህ ትምህርት ሌባ አይዝም። ያልተያዘውን ሰው ግን ይዘነዋል እንዳንል ይከለክለናል፤ ለይታይሽ ይህ ብቻውን በቂ ነበር።

እንግዲህ ሂጂ፣ መሽቶብሻል። ከዛሬ ጀምሮ በሰው ላይ «ስለዚህ» ልትዪ ስትይ ግን፣ መጀመሪያ የራስሽን ነጠላ ጭመቂው።