ቀረብኩህ እንጂ አልመታሁህም

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የሰው ቅሬታ መስማት ነው። ስሙን ምንያህል እንበለው፤ እውነተኛ ስሙ እዚህ ምን ይሠራልናል?

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ይቀመጣል። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ይሰለፋል፤ የተሰለፈው ሁሉ ተናዶ ነው የሚመጣው። እዚያ ወንበር ላይ ዓመታት የተቀመጠ ሰው ምን የሚለምድ ይመስላችኋል? ትዕግስት? አይደለም። ሰው ሳይጨርስ መመለስ ይለምዳል። "ፋይሌ ጠፍቶ..." ሲሉት፣ "ሁለተኛ ፎቅ ይጠይቁ።" "ባለፈው ነገ ብላችሁኝ..." ሲሉት፣ "ሲስተም የለም።"

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እስከ መጨረሻው ከሰማ ነገሩ ሆዱ ይገባል፤ ሆዱ ከገባ አብሮት ቤት ይሄዳል። የስንቱን ይዞ ይሂድ? ደክሞት ነው፣ ወገኖቼ። ድካም ሰውን እንዲህ ያደርገዋል።

ይሄ ሰው ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ቤቱ አይገባም። ሠፈሩ ውስጥ ጌም ቤት አለ፤ እዚያ ጎራ ይላል። ትልቅ ሰው፣ ትዳር ያለው ሰው፣ ከነሸሚዙ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። አትሳቁበት። እያንዳንዳችን ቤት ከመግባታችን በፊት የምንዘገይበት አንድ ቦታ አለን።

እናቶች፣ አባቶች፣ ጨዋታውን ላስረዳችሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰዎች ይደባደባሉ። ቡጢ ሲመጣ ፊትን ሸፍኖ መቆም ይቻላል፤ ግን እየቆየ ያደቅቃል። ሌላ መንገድ አለ። ቡጢው ሊያርፍ ሲል፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ቁልፉን ከተጫንክ፣ ቡጢው ይመለስና የሰነዘረው ራሱ ይንገዳገዳል። ከዘገየህ ትመታለህ። ከፈጠንክ ግን የባሰ ነው፤ እጅህ አየር መትቶ ሲመለስ ደረትህ ክፍት ይሆናል። ይህን ነው መመከት የሚሉት። ዓይን ይፈልጋል፣ ልብም ይፈልጋል።

ምንያህል ይህን ነገር ወደደው። ለምን አይወደው? ቀኑን ሙሉ ሲመቱት የዋለ ሰው ነው። ከሰው ጋር ግን አልገጠመም፤ የጨዋታው መለማመጃ ላይ ነው የሚያመሸው። መለማመጃው ላይ ማሽኑ የሚያንቀሳቅሰው ተደባዳቢ አለ። ይጠጋል፣ ይመታል። ይጠጋል፣ ይመታል። አይሰለችም፣ ሐሳቡን አይቀይርም። ምንያህልም ቁልፉን ይጫናል፤ ጧ! ይመለሳል። እንደገና ጧ! አንድ ወር ሲሞላው ማሽኑ አንዲት ቡጢ ማሳረፍ አቃተው።

ቤትስ? ቤት ብሩክታዊት አለች፣ ባለቤቱ። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። እሷም ቀኑን የዋለችው ከሚጮህ ልጅ ጋር ነው፤ ድካሟ ከሱ አያንስም።

"ምንያህል፣ አንድ ነገር..." ትለዋለች።

"ስለ ጣሪያው ከሆነ ሰው እጠራለሁ ብያለሁ።"

ሌላ ቀን ደግሞ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቡ ትቀመጣለች። "ሰሞኑን እኔ እኮ..."

"ብሩኬ፣ በናትሽ፣ ገና መግባቴ ነው።"

አልጮኸባትም። አልሰደባትም። አንድ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ዐረፍተ ነገሯን ብቻ ወገቡ ላይ ቆረጠው። ከስንት ጊዜ በኋላ እሷም መጀመሩን ተወችው። "ምሳ ዕቃህ ተዘጋጅቷል"፣ "በሩን ቆልፈው"፤ ከዚህ ያለፈ ነገር ጠፋ። እሱም በልቡ፣ እፎይ፣ ቤቴ ሰላም ሆነ አለ። ወገኖቼ፣ ሰው የሌለበት ቤትም እኮ ሰላም ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታዲያ የጌም ቤቱ ባለቤት መጣበት። ሚሊዮን ይባላል፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ደንበኛ የማይፈራ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ከማሽን ጋር ተጋብተህ ቀረህ እኮ፤ ና እስቲ እኔን ግጠመኝ" አለው። ምንያህል ፈገግ አለ፤ ተማምኖ ገባ።

ጨዋታው ተጀመረ። የሚሊዮን ተደባዳቢ ሮጦ ተጠጋ። ምንያህል ቁልፉን ተጫነ፤ ምንም የለም፤ እጁ አየር መታ። ያኔ ሚሊዮን ዘና ብሎ ደረቱን አገኘው። እንደገና ተጠጋና ዝም ብሎ ቆመ። ምንያህል እንደገና ተጫነ፤ እንደገና ባዶ። እንደገና ተደበደበ። ስንቴ ወደቀ መሰላችሁ!

"ይሄ ነገር ተበላሽቷል" ብሎ ጆይስቲኩን አገላበጠው።

"ምኑ ተበላሸ? ቀድመህ እየተጫንክ ነው እንጂ።"

"ልትመታኝ መጣህ እኮ!"

"የታለ የመታሁህ? ቀረብኩህ እንጂ አልመታሁህም። ማሽኑ ሲጠጋህ ሁሌም ሊመታህ ነው፤ እንደዚያ ተሠርቷል። ሰው ግን ዝም ብሎም ይጠጋል፣ ጋሼ። እስቲ ጠብቅ፣ ምን ይዞ እንደመጣ እይ።"

"ብመታስ?"

"ትመታለሃ! መመታት እንዲህ እያስፈራህ እንዴት ልትመክት ነው?"

ምንያህል ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወጣ። መንገድ ላይ ትዝ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበረች፤ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ። ያን ቀን ምን ይዛ ነበር የቀረበችው? አያውቅም። አስቡት፤ አንድ ቤት የሚያድር ሰው፣ አያውቅም። ፈራ። ሚስቱ ዳግመኛ እንዳታናግረው ፈራ።

ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ብሩክታዊት ልብስ ታጥፋለች።

"ያኔ ምን ልትነግሪኝ ነበር?" አላት።

"መቼ?"

"ስትጀምሪ እያቋረጥኩሽ... ያኔ።"

"ረሳሁት" አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው።

ድሮ ቢሆን "እሺ በቃ" ብሎ ይነሳ ነበር። አልተነሳም፤ ካልሲዎቹን ማጣመር ጀመረ። በማግስቱም ቀጥታ ቤቱ ገባና ተቀመጠ። ምንም አልተባለም። በሚቀጥለው ቀንም ምንም። ወገኖቼ፣ መጠበቅ ያደክማል። እንዲያውም ከመመለስ በላይ ያደክማል።

አንድ ምሽት ራት ቀርቦ፣ ጉርሻዋን እጇ ላይ እንደያዘች ተናገረች።

"አንገቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ ነበር። ልነግርህ ነበር።"

አሁን የምንያህል አፍ ምን ይዞ ተነሳ? እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሁላችንም ብለነዋል። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" እዩት፤ እንዴት ያለ ፈጣን መልስ ነው! ጥፋቱን በአንድ ጊዜ ወደ እሷ ይመልሰዋል። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

"ሐኪም ቤት ለብቻዬ ሄድኩ" አለች። "የምርመራውን መርፌ ለብቻዬ ተወጋሁ። ውጤቱ እስኪመጣ እዚሁ አጠገብህ እየተኛሁ ለብቻዬ ፈራሁ። ከዚያ ደህና ነሽ አሉኝ። ደህና ነሽ ሲሉኝ እንኳን፣ ምንያህል፣ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።"

አረፈበት። መሃል ደረቱ ላይ አረፈበት። አልሸፈነም፣ አልመከተም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው አላለም። እንባው ወረደ፣ "አጥፍቻለሁ" አለ፣ ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ተቃቅፈው ታረቁ ብዬ እንድጨርስላችሁ ትፈልጋላችሁ፤ አላደረጉትም። ደክሟቸው ነበር፤ ሳህኑን አንስተው ተኙ። በማግስቱ ግን ሻይ እየቀዳች፣ "ዛሬ አንዱ ተማሪዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው..." ብላ ጀመረች። ምንያህል ስኳሩን ሳያማስል ብርጭቆውን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰማት።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። መመከት ስንት ዓመት ተለማመዳችሁ? የመታችሁ ሰው ነበረ፤ አውቃለሁ። እሱ ያስተማራችሁን ይዛችሁ ግን ያልመታችሁን ሁሉ ትመክታላችሁ። ልጃችሁ "አባዬ" ሲላችሁ "ምን ጎደለ ደግሞ?" ትሉታላችሁ። እናታችሁ ስትደውል "ስብሰባ ላይ ነኝ" ትላላችሁ። እግዚአብሔር ራሱ በቃሉ ጠጋ ሲላችሁ፣ ገና አፉን ሳይከፍት መልሱ ተዘጋጅቶ ይቆየዋል። አሁን እንኳን፣ ይህን ስናገር፣ "ይሄስ ለአንተ ነው" ብላ ባሏን በክርኗ የነካችው እህት አለች፤ አይቻለሁ። እህቴ፣ ይሄ ራሱ መመከት ነው። ጎበዝ ነሽ። ምንም አላረፈብሽም።

ክፉ ሁሉ ይምታችሁ አላልኩም። የሚመከት ነገር አለ፤ እሱን መክቱ። ግን መጀመሪያ ጠብቁ፣ ምን እንደሆነ እዩ። ወዳጅ የሚሰነዝረው እውነት ሲሆን ደግሞ፣ ይረፍባችሁ። አንዳንዱ እውነት ካላቆሰለ የማይፈውስ ነው።

ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ ሰው ዐረፍተ ነገር ይጀምራል። ይጨርስ። ቢያማችሁም ይጨርስ። ደክሟችኋል፣ አውቃለሁ፤ እኔም ደክሞኛል። ያም ሰው ግን እየደከመው ነው የሚጀምረው። እንደገና የመጀመር አቅም ይኖረው እንደሆነ፣ እናንተ አታውቁም።