ዲንቂቱና የአባ ሙራ ቁና

የአያቶቻችን አያቶች ልጆች ሳሉ፣ ጨፌ ቡሎ በምትባል የቡና አገር ዲንቂቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። ዘመድ የላትም። ያላት ሰባት እግር ቡናና አንዲት ልጅ ብቻ ነው። ቡናው ካልተሸጠ ክረምቱን የሚያሻግር እህል የለም።

በአገሩ ገበያ ቡና የሚገዛው አንድ ሰው ነበር፤ አባ ሙራ። ቁናው የሱ፣ ሰፋሪውም እሱ። ሲሰፍር የቁናውን አፍ በሁለት ክንዱ ያቅፋል፤ ቡናው እስከ ደረቱ ይቆለላል። አንድ ቁና ብሎ አንድ ተኩል ይወስዳል። ሰዉ ያያል፤ ዝም ይላል። ቤቱ ሲገባ ግን አፉ አያርፍም!

በመጀመሪያው ገበያ ዲንቂቱ ቡናዋን አቀረበች። አባ ሙራ አቀፈ።

«ክንድዎን ያንሱልኝ» አለችው።

«ሴትዮ፣ ቁናው ያንቺ ነው?»

«ቡናው የኔ ነው።»

ሰዉ ሳቀባት። አልሸጠችም፤ ተሸክማ ተመለሰች።

በሁለተኛው ገበያ አባ ሙራ ለብቻዋ ጠራት። «ያንቺን ሳላቅፍ እሰፍራለሁ። ብቻ አፍሽን ያዢ።» አብራት የመጣችው ልጇ ርቧታል። ዲንቂቱ የልጇን ፊት አየች። የጎረቤቶቿንም ፊት አየች። «ለኔ የሚነሳ ክንድ ለነሱም ይነሳ» አለች። አልሸጠችም፤ ተሸክማ ተመለሰች።

ለሦስተኛው ገበያ ጎረቤቶቿ መላ አገኘን አሉ። እሱ ካቀፈ እኛም ጠጠር እንቀላቅላለን አሉ፤ ቀላቀሉም። አባ ሙራ እጁን ሰደደና ጠጠር ዘግኖ አወጣ። «ሌቦች! ከእንግዲህ ከዚህ አገር አልገዛም!» አለ።

ዲንቂቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። የጎረቤቶቿን ቡና ነጠላዋ ላይ ዘርግፋ በሱ ፊት ጠጠሩን ትለቅም ጀመር።

«አዋረድሽን! የማን ወገን ነሽ?» አሏት። አንዷማ ምራቋን ተፋችባት፤ ስሟን አልጠራም፣ የልጅ ልጆቿ እዚሁ አሉ። ዲንቂቱ መልቀሟን አላቋረጠችም። አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ለቀሙ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሁሉም።

ቡናው ሲጠራ ተነሳች። «እኛ ጠጠራችንን አወጣን። እርስዎ ደግሞ ክንድዎን ያውጡ፤ አለዚያ ሁላችንም ተሸክመን እንመለሳለን።»

አባ ሙራ ዙሪያውን አየ። የሚስቅ የለም። አሥራ ሁለት በቅሎዎቹ ባዷቸውን ቆመዋል። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ዲንቂቱ ሰፈረች፤ የቁናውን አፍ በመዳፏ ጠርጋ ሰፈረች።

እስከ ዛሬ በጨፌ ቡሎ ሻጭ ቡናውን ነጠላ ላይ ዘርግቶ በገዢው ፊት ይለቅማል። ከዚያ ገዢው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ የሚሰፍረው ባለቡናው ነው። እንግዳ ነጋዴ ሳያውቅ ክንዱን ወደ ቁናው ከሰደደ ማንም አይቆጣውም። «ዲንቂቱ ታይሃለች» ይሉታል፤ ቡናቸውን ያነሳሉ።