የትርንጎ ፖስታ

ልንገራችሁ? ንገሪን ካላችሁ ጠጋ በሉ። ጮክ ብዬ የማወራበት አቅም የለኝም፣ እግሬም አልቋል። ከመሃል የሚያቋርጠኝ ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፤ ኋላ ሰለቸን እንዳትሉኝ።

ትርንጎ የምትባል የወንድሜ ልጅ አለችኝ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ እቴቴ ነው የምትለኝ። እዚሁ ከተማችን ካለው የእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመረቀች። ተመርቃ ግን አላረፈችም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የአፈር ትምህርት እማራለሁ፣ ዲግሪዬን እይዛለሁ አለች። አመለከተች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። ኮሌጅ የተማረችው ተቆጥሮላት ከመሃል ትቀጥላለች ተባለ። እልል አልን። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውጤቷ የኮሌጁ ማኅተም ተመትቶበት፣ በፖስታ ታሽጎ እስከ ዓርብ መድረስ አለበት። ዓርብ ካለፈ ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልጅቷ የፈለገችው እንግዲህ ይህችኑ ነው፣ አንዲት የታሸገች ፖስታ።

ሰኞ ጠዋት ኮሌጁ ሬጅስትራር ሄድን። ሬጅስትራሩ አቶ ገብረየስ ይባላል። በመስኮቱ በኩል አንገቱን ቀና ሳያደርግ «ክሊራንስ?» አለ። ክሊራንስ ማለት የኮሌጁ ንብረት እጇ ላይ እንደሌለ በየክፍሉ እየዞረች የምታስፈርመው ወረቀት ነው። ሁሉም ፈርሞላታል፣ የቀረው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። «ቤተ መጻሕፍት ሳይፈርም አላሽግም» አለ። «እዚያ አግዳሚ ላይ አረፍ በሉና አስቡበት።» አረፍ አልን፣ አሰብንበት፣ ተነሳን። ዩኒቨርሲቲው ያለ ፖስታ አልቀበልም አለ፤ አቶ ገብረየስ ያለ ፊርማ አላሽግም አለ።

ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ወይዘሮ አሰገደች ናት። መዝገቧን ገልጣ አየችና «የኔ ቆንጆ፣ ስለ አፈር የሚያወራው ወፍራም መጽሐፍ በስምሽ ወጥቶ አልተመለሰም» አለቻት።

«መምህር ይርጋ ናቸው የወሰዱብኝ፤ አንድ አፍታ ልየው ብለው» አለች ትርንጎ።

«እሱን ለሳቸው ንገሪያቸው። እኔ መጽሐፉን በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም።»

ወጣን። ዩኒቨርሲቲው ያለ ፖስታ አልቀበልም አለ፤ አቶ ገብረየስ ያለ ፊርማ አላሽግም አለ፤ ወይዘሮ አሰገደች ያለ መጽሐፍ አልፈርምም አለች። ይቺ ገና ቀላሏ ናት።

መምህር ይርጋን ፍለጋ ከተማውን ዞርነው። ክረምቱ ሊያልቅ ቢሆንም ኮሌጁ ገና አልተከፈተም፣ መምህር የሚባል ሰው በየት ይገኛል? በማግስቱ ፀጉር አስተካካይ ቤት፣ ፊቱ አረፋ በአረፋ ሆኖ አገኘነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጅቷን ሲያያት ደነገጠ። «ውይ ትርንጎዬ! መጽሐፉ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ነው። ግን ቢሯችን ቀለም ሊቀባ ነው ተብሎ ቁልፉን ሁሉ ዘበኛው ሰብስቦታል። ቁልፉን አምጡልኝ እንጂ እኔ የትም አልሄድ» አለ። የት ይሄዳል? ግማሽ ጺሙ ገና ነው። ዩኒቨርሲቲው ያለ ፖስታ አልቀበልም አለ፤ አቶ ገብረየስ ያለ ፊርማ አላሽግም አለ፤ ወይዘሮ አሰገደች ያለ መጽሐፍ አልፈርምም አለች፤ መጽሐፉ ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ።

ዘበኛው ጋሽ ሽብሩ ነው። በሩ ላይ የለም። ሬጅስትራሩ ፊት ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅነው፣ አልመጣም። በነጋታውም ተቀምጠን ጠበቅነው፣ አልመጣም። ኋላ ነው የእድር ተረኛ ሆኖ ለቅሶ ቤት መሆኑን የሰማነው። እንግዲህ ለቅሶ ቤት ገብቶ ቁልፍ አምጣ አይባል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ልጅቷን አስከትዬ ገባሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ ንፍሮ ቀረበልን። ትርንጎ ንፍሮውን እንደያዘች እንባዋ ዝርግፍ አለ። ያለቀሰችው ለፖስታዋ ነው፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ግን ለሟች መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ፣ እሳቸውስ አረፉ» እያሉ ጀርባዋን ያሹላት ጀመር። እኔ ይሳቅ ይለቀስ ጠፍቶኝ ንፍሮዬን ቆረጠምኩ።

ጋሽ ሽብሩ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ቁልፉማ ይኸው፣ ወገቤ ላይ ነው» አለኝ። «ግን የመንግሥት ቁልፍ በሰው አልክም፣ ራሴ ሄጄ ነው የምከፍተው። ከዚህ ደግሞ የእድራችን ዳኛ ሳይፈቅዱልኝ አልነሳም። የእቃው ተረኛ ነኝ፤ ትቼ ብሄድ ከእድር ያስወጡኛል። ማን ሊቀብረኝ ነው?» ምን ይባላል? ዩኒቨርሲቲው ያለ ፖስታ አልቀበልም አለ፤ አቶ ገብረየስ ያለ ፊርማ አላሽግም አለ፤ ወይዘሮ አሰገደች ያለ መጽሐፍ አልፈርምም አለች፤ መጽሐፉ ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ፤ ቁልፉ ያለ ጋሽ ሽብሩ አልሄድም አለ፤ ጋሽ ሽብሩ ያለ ፈቃድ አልነሳም አለ።

የእድሩ ዳኛ አባ ወልዴ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ጭራቸውን ይዘው ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠዋል። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ ድንኳኑ እኮ ዛሬ ጠዋት ይነሳ ነበር» አሉ። «እቃው ሲቆጠር አንድ አግዳሚ ጎደለ። ከዚህ በፊት ማን እንደተዋሰው የሚያስታውስ ጠፋ። ደንባችን ደግሞ ደንብ ነው፤ እቃው ሳይሟላ ድንኳን አይፈርስም፣ ተረኛም አይነሳም። ልጅቱን ጠልቼ አይደለም።»

እንዳልጠሏትማ አይቻለሁ። ማንም አልጠላትም። አንዱ እንኳ ጠልቷት ቢሆን ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር! ሁሉም ደህና ሰው፣ ሁሉም ልክ፣ ልጅቷ ግን ልትቀር ነው። ይኸው፣ ዩኒቨርሲቲው ያለ ፖስታ አልቀበልም አለ፤ አቶ ገብረየስ ያለ ፊርማ አላሽግም አለ፤ ወይዘሮ አሰገደች ያለ መጽሐፍ አልፈርምም አለች፤ መጽሐፉ ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ፤ ቁልፉ ያለ ጋሽ ሽብሩ አልሄድም አለ፤ ጋሽ ሽብሩ ያለ ፈቃድ አልነሳም አለ፤ አባ ወልዴ ያለ አግዳሚ አልፈቅድም አሉ። ቀኑ ደግሞ ሐሙስ ሆኗል።

ወዴት እንሂድ? እግራችን ራሱ ወደ ሬጅስትራሩ ወሰደን። የፈረደባት አግዳሚ ላይ ተዘርግፈን ተቀመጥን። ትርንጎ ቀስ ብላ «እቴቴ፣ በቃ ይቅር። ካንቺ ጋር ቲማቲም እሸጣለሁ» አለችኝ።

ቲማቲም መሸጥ ነውር የለውም። ያሳደግኳት በሱ ነው። ግን ይቺ ልጅ ቲማቲሙ ለምን በዚህ ማሳ ጥሩ ሆኖ በዚያ ይጠወልጋል እያለች በልጅነቷ ስታደርቀኝ የኖረች ናት። አሁን ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ እንዲህ ቀስ ብላ ይቅር ስትል እንባዬ መጣ። እንባዬን እንዳታይብኝ ጫማዬን የማወልቅ መስዬ አጎነበስኩ፤ እግሬም እውነትም አብጦ ነበርና ጫማውን አወለቅኩት።

አጎንብሼ ሳለሁ የአግዳሚዋን እግር አየሁት። አረንጓዴ ቀለም፣ ከታች ነጭ ቀለበት። ይህን ቀለም የት ነው ያየሁት? ድንኳን ውስጥ! ንፍሮ የቆረጠምንባቸው አግዳሚዎች በሙሉ እግራቸው አረንጓዴ፣ ከታች ነጭ ቀለበት! እድሩ እቃው ከሌላ እንዳይቀላቀል የቀባው ምልክት ነው።

«ትርንጎ! ተነሺ! ተነሺልኝ ከላዩ!»

አቶ ገብረየስ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየሁት። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ቢሮ እኮ ነው!»

«ይህ አግዳሚ የማን ነው?»

«የ... የኮሌጁ ነዋ» አለና ቆም አለ። ከቢሮው ወጥቶ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ የአግዳሚውን እግር አየ፣ ቀና ሲል ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «በሞትኩት! ለልጄ ክርስትና ከእድር የተዋስኩት ነው። ልመልሰው ስል፣ ተማሪው መስኮቴ ላይ ቆሞ እየተጋፋ መግቢያ መውጫ ሲያሳጣኝ፣ ለጊዜው ብዬ እዚህ አስቀመጥኩት። እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ ድንኳን ውስጥ ቆሜ፣ የድሃ እቃ የሚያስቀር ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ ስሳደብ ነበር!»

«እንግዲህ አወቁት» አልኩት። «ይያዙ በዚያ በኩል።»

ያዘ። ሬጅስትራር በአንድ ጫፍ፣ ቲማቲም ሻጭ በሌላው ጫፍ፣ ልጅቷ ጫማዬን ይዛ ከኋላ፣ በዋናው መንገድ ተሸክመን ሄድን። ያየን ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ቆመልን።

ከዚያማ ነገሩ ሁሉ ለቀቀ። አግዳሚው ድንኳን ገባ፤ አባ ወልዴ ፈቀዱ፤ ጋሽ ሽብሩ ተነሳ፤ ቁልፉ አብሮት ሄደ፤ ቢሮው ተከፈተ፣ መጽሐፉ ወጣ፤ ወይዘሮ አሰገደች በዓይኗ አይታ ፈረመች፤ አቶ ገብረየስ ከሥራ ሰዓት ውጪ ቢሮውን ከፍቶ፣ ማኅተሙን መትቶ፣ ፖስታውን አሸገ። ሲሰጣት በሁለት እጁ ነው የሰጣት።

ዓርብ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድን። ትርንጎ ፖስታውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አንዴም ዓይኗን አልከደነችም። ዩኒቨርሲቲው ደረስን፣ መስኮቱን አገኘነው። ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን ቀና ሳያደርግ «እዚያ አግዳሚ ላይ አረፍ በሉ» አለን።

እሷም እኔም እኩል አፋችንን ከፈትን፤ «አንቀመጥም!»

ሰውየው ደንግጦ ቀና አለ። ፖስታውን ተቀበለ፣ ቀደደ፣ አነበበ፣ ስሟን መዝገብ ላይ ጻፈ። «ገብተሻል። ሰኞ ትምህርት ትጀምሪያለሽ» አላት።

ከሕንፃው እንደወጣን ትርንጎ ሳር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እንደ ልጅነቷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ጀርባዋን አሸሁላት። ይኼኛው ለቅሶ የራሷ ነበር።

አለቀ፣ አትጨቅጭቁኝ። አሁን እኔም እዚህ ወንበር ላይ ልቀመጥ፤ የማን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ።