ጓያውና ምርኩዙ

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ምን ያጠና መሰላችሁ? ጓያን። በክፉ ቀን እህል ሲጠፋ ጓያ ይበላል፤ ሲበዛ ደግሞ እግር ይሰብራል።

ዘሩን የወሰደው ከአገሩ፣ ከእኅቱ ባል ከጥጋቡ ጎተራ ነው። መረመረ፣ ደከመ፤ ጓያው ተዘፍዝፎ ውሃው ቢደፋ መርዙ በብዙ እንደሚቀንስ አገኘ። በእንግሊዝኛ ጻፈው፣ በውጭ አገር መጽሔት ወጣ፣ ተጨበጨበለት። በጽሑፉ መጨረሻ ጥጋቡን በስሙ አመሰገነው። ጥጋቡ ግን ምስጋናውን ማን ያንብብለት?

የምሁራንን ጥናት ለሕዝብ በሚገባ አማርኛ የምታስጽፍ አንዲት አርታዒ ለሬዲዮ አንድ ገጽ ይጻፉልኝ ብላ ለመነችው። እሱ ምን አለ? ባልደረቦቼ የገበያ ወሬ አደረገው ይሉኛል አለ። ነገ ዛሬ ሲል ዝናቡ ቀረ።

ለፋሲካ አገሩ ሲገባ ጥጋቡ ሊቀበለው ወጣ። ያ ጎበዝ አራሽ በምርኩዝ! ጓያ ሰብሮት ነበር።

ከውስጥ እኅቱ ለልጆቿ ጓያ ትቆላለች። ተንደርድሮ እጇን ያዛት።

«እቱ፣ ተይ! ዘፍዝፊውና ይደር፤ ጠዋት ውሃውን ድፊና ደግመሽ እጠቢው። መርዙ ከውሃው ጋር ይሄዳል።»

ጥጋቡ ሰምቶ በምርኩዙ ተጠጋ። መቼ እንዳወቀው ጠየቀው። መምህሩ አልዋሸም፤ ከድርቁ በፊት ነው አለ።

«ታዲያ አንተን ለማናገር የኔ እግር መሰበር ነበረበት?»

ከተማ ተመልሶ የሆነውን ሁሉ ለአርታዒዋ ነገራትና ሊጽፍ ፊቷ ተቀመጠ። ልማድ ክፉ ነው፣ «በጥናቱ ግኝት መሠረት» ብሎ ጀመረ። ሰረዘችበት።

«ለእኅትዎ ያሏትን ይጻፉ» አለችው።

ጻፈ። በሬዲዮ ተነገረ። በዚያ ክረምት በየቤቱ ጓያ ተዘፈዘፈ። የጥጋቡ ልጆች ዛሬም ይሮጣሉ፤ ጥጋቡ ግን እንደተመረኮዘ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ የምሁራን ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳትገላገሉ። እናንተ ሐኪሞች፣ እናንተ የሕግ ሰዎች፣ እኛም ሰባኪዎቹ፣ የምንናገረው ለማን ነው? ለሚያጨበጭብልን ነው ወይስ ለሚቸገረው? ዕውቀት እኮ አደራ ነው። እግዚአብሔር የሰጣችሁ ለጎረቤት እንድታደርሱት ነው፤ እሱም በሚገባው ቋንቋ።

እንግዲህ ቤታችሁ ስትገቡ ራሳችሁን ጠይቁ። የእናንተን አፍ የሚያስከፍተው የማን እግር መሰበር ነው?